አሥራ ሁለተኛው እርምጃ

የጣቶቼ ጫፍ ምንም አይሰማቸውም። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ የሙያ ነገር ነው። ማስቲሽ ሲቀባ የሚውል ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው። ሶል ስታጣብቁ ማስቲሹ ጣታችሁ ላይ ይደርቃል፣ ማታ ይላጣል፣ ጠዋት ደግሞ ሌላ ይደረብበታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሻይ ብርጭቆ ይሙቅ ይቀዝቅዝ የምታውቁት በከንፈራችሁ እንጂ በጣታችሁ አይደለም። አባባ አርባ ዓመት ጫማ የሠራ ሰው ነው፤ የፈላ ድስት በባዶ እጁ ያወርዳል። እኔ በሙያው ገና አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን አለመሰማቱ ከጣቴ አልፎ ወደ ላይ ወጣ። መጀመሪያ እጄ፣ ቀጥሎ ክንዴ፣ ከዚያ መሃል ላይ ያለው ነገር። ሰው ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ። ደንበኛ ሲቆጣ "ይቅርታ" እላለሁ። "ደህና ነሽ?" ሲሉኝ "ደህና" እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። የታመመ ሰው ያመዋል፣ እኔን ምንም አላመመኝም።

ታዲያ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እሱን የሱቃችን በራፍ ላይ ቆሞ ሳየው መጀመሪያ ዓይኔ የሄደው ጫማው ላይ ነው። "የግራው ተረከዝ በውጭ በኩል ተበልቷል" ብዬ አሰብኩ። ዓመት ሙሉ ያላየሁት ሰው! ብቀልጥ፣ ብንቀጠቀጥ፣ ቢያንስ መዶሻው ከእጄ ቢወድቅ ነበር የሚያምረው። እኔ እቴ፣ ተረከዝ አየሁ።

"ደህና ነሽ ማስቲሼ?" አለኝ።

"ደህና" አልኩት።

ማስቲሼ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። እኔም እንደ ሰፈሩ ሁሉ "ኢንጂነሩ" ነው የምለው፤ ከተሳምን በኋላ እንኳ "ኢንጂነሩ" ማለቴን አልተውኩም።

ሱቃችን የአንድ ባለአምስት ፎቅ ሕንፃ ደረጃ ስር ናት። ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር ጣሪያችን ይረገጣል። አባባ ተከራዩን ሁሉ በኮቴው ይለያል፤ ቀና ሳይል "ይቺ የሦስተኛ ፎቋ ጸሐፊ ናት፣ ሶሏ ሊለቅ ነው" ይላል፣ በሳምንቱ ጸሐፊዋ ሶሏን ይዛ ትመጣለች። ሕንፃው የኢንጂነሩ እናት ንብረት ነው። ሰፈሩ "ባለፎቋ" ይላቸዋል። እሱ ከላይ አምስተኛ ፎቅ ያደገ፣ ድልድይ የሚሠራ፣ እኛ ደግሞ እሱ ከሚረግጠው ደረጃ ስር የምንቀመጥ። ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ከዓመት በላይ ይሆናል፣ ኢንጂነሩ መጀመሪያ የመጣ ቀን ጫማ አልያዘም ነበር። "ቁራጭ ቆዳ ይኖርሻል? የጣት ስፋት ቢሆን በቂዬ ነው" አለኝ።

"ለምን?"

"ለእንፋሎት ቱቦ ማሰሪያ።" ከቦርሳው አንድ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ልጆች የሚጫወቱበት፣ ጠቅ እያለ የሚሰካካ የፕላስቲክ ጡብ ነው፤ ግን እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ስድስት እግር አለው። ወርቃማ ጥርሳም ጎማዎች፣ ጭስ ማውጫ፣ ሰዓት የሚመስሉ መለኪያዎች። ባቡር በእንፋሎት በሚሄድበት ዘመን አንዱ ተነስቶ "ሐዲድ ለምን? እግር ላውጣለት" ያለ ይመስላል።

"ስንት ልጅ አለህ?" አልኩት።

"ልጅ የለኝም።"

"እና ይሄ የማን ነው?"

"የእኔ" አለ፣ ጆሮው ቀላ። "ገና አልቆመም። እግሮቹ አንድ ላይ ይነሱና ይወድቃል።"

"ያንተ ድልድይ ላይማ እግሬን አላነሳም" አልኩት። ሳቀ። ቆዳውን ቆርጬ ሰጠሁት። በማግስቱም መጣ፣ በማግስቱም። ምሳ ሰዓት ላይ አባባ መጋረጃው ጀርባ ጋደም ሲል እኛ ጠረጴዛው ላይ እግር እንሠራለን። ሦስቱ ሲነሱ ሦስቱ እንዲያርፉ ጥርሶቹን ማሰባጠር ነበረብን፤ እሱ ይሰካል፣ ያየዋል፣ ያፈርሰዋል። ይሰካል፣ ያፈርሰዋል። እኔን ያንገበግበኛል።

"ስንቴ ታፈርሰዋለህ? በቃ አጣብቀው!"

"ማስቲሼ፣ የማይፈርስ ነገር እኮ አይታረምም።"

አባባ ግን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያስተማረኝ ሌላ ነው፤ "ያልተጣበቀ ሥራ ያላለቀ ሥራ ነው" ይላል።

አንድ ቀን ጡብ ሳቀብለው ጣቴን ይዞ አስቀረው። የአመልካች ጣቴን ጫፍ በጥፍሩ ነካ አደረገና "ይሄ ይሰማሻል?" አለኝ። "አይሰማኝም።" ትንሽ ወደ ላይ ከፍ አለ። "ይሄስ?" "አይሰማኝም።" መዳፌ ላይ ደረሰ። "ይሄስ?" አንጓዬ ላይ ሲደርስ "አይሰማኝም" አላልኩም። እሱም እጁን አላነሳም። አባባ መጋረጃው ጀርባ እያንኮራፋ ነበር፣ ደግሞም በጣም ጮክ ብሎ።

ባለፎቋ ሱቃችን የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። የረገፈ ተረከዝ ይዘው መጡ፣ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፣ ሠርቼ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"እጅሽ ባለሙያ ነው ልጄ" አሉኝ።

"አመሰግናለሁ እትዬ።"

"አባትሽ እዚህ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀመጡ። ጨዋ ሰው ናቸው። ሰው በለመደው ቦታ ሲያረጅ ደስ ይላል፣ አይደለም?"

"ነው እትዬ።"

"ልጄን እኔ ብናገረው እልህ ይጋባል። አንቺ ግን አስተዋይ ነሽ፤ ዝም ብትዪው ይተወዋል።"

ቢሰድቡኝ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ ጉንጬን ሊስሙኝ እንደመጡ ሁሉ! በጨዋነት የመጣን ሰው ምን ይሉታል? "እሺ እትዬ" አልኩና ጫማቸውን በፌስታል አድርጌ ሰጠኋቸው። ለእሱ አልነገርኩትም። ለአባባም አልነገርኩትም፤ ተኝቶ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እሱ ሩቅ አገር ድልድይ ሊሠራ ተመደበ። ሊሄድ ሲል አንድ ካርቶን አመጣልኝ። ውስጡ በቁጥር የተደረደሩ ሰባት ከረጢቶች፣ በእጁ የሣላቸው ወረቀቶች።

"እግሮቹን አብረን ጨርሰናል። የቀረውን አንቺ ሥሪው። ሰባተኛው ከረጢት ውስጥ ቦይለሩ አለ፤ እሱን እኔ ገጥሜዋለሁ፣ እንዳለ ከላይ ጠቅ አድርጊው። ሲያልቅ ማዞሪያውን አዙሪው። አሥራ ሁለት እርምጃ ይራመዳል። የቀረውን እሱ ራሱ ይነግርሻል።"

"ማን? ማሽኑ?"

"ማሽኑ።"

"እንግዲህ ያንተ ነገር!" አልኩት። መኪናው ውስጥ ገብቶ በመስኮቱ ዞሮ አየኝ። እጄን ላወዛውዝ ስል የደንበኛ ጫማ ይዤ ኖሯል፤ በጫማው ቻው አልኩት።

ሁለት ወር ሙሉ ምሳ ሰዓቴን በማሽኑ አሳለፍኩ። እሁድ እሁድ ኢንጂነሩ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ይደውላል። "ስንተኛው ከረጢት ደረስሽ?" "አራተኛው።" "ቀስ በይ፣ አትቸኩዪ" ይለኛል፤ ድምፁ ግን እንድቸኩል የፈለገ ይመስላል።

አንድ ቀን አባባ ጠረጴዛውን ሲያስጠጋ ከማሽኑ አንዷ እግር ወልቃ ወደቀች። ልቤ አብሯት ወደቀ። እሱ የለም፣ የቀረኝ ይሄ ነው፣ ይሄም እየፈረሰ ነው! ማስቲሹን አወረድኩ። የሚዞረውን ተውኩ፤ የማይዞረውን ሁሉ፣ ጡብ በጡብ፣ በቀጭን ብሩሽ ቀባሁት። ቦይለሩ ሲመጣም ዙሪያውን አንዲት ክፍተት ሳልተው ዘጋሁት። ለእሱ አልነገርኩትም። ምን ይነገራል? ጫማ ሠሪ "አጣበቅኩ" ብሎ ወሬ ያደርጋል?

ያለቀ ቀን ጠረጴዛውን ጠረግኩና ማዞሪያውን ያዝኩ። ሦስት እግር ተነሳ፣ ሦስት አረፈ። ይሄዳል! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ላይ ከሆዱ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ተሰማና ቀጥ አለ። ብጫነው እምቢ አለ። አባባ አንስቶ ነቀነቀው።

"ይሄ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር አለው። ኮሽ ይላል" አለ።

"የላላች ጡብ ትሆናለች" አልኩት።

ቁጭ አልኩ። የቀረውን እሱ ራሱ ይነግርሻል ብሎኝ የለ? ነገረኝ። አሥራ ሁለት እርምጃ አብረን ሄድን፣ በቃ፣ ከዚህ በላይ አይሄድም። በአፉ ማለት ከበደውና በማሽን አለው፤ እናቱ አሸንፈውታል ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ለእሳቸው "እሺ" ብዬ የለ? ምን ብዬ ልከራከር?

እሁድ ደወለ።

"ጨረስሽው?"

"ጨረስኩት።"

"ተራመደ?"

"ተራመደ። አሥራ ሁለት።"

ትንፋሹ ይሰማኛል፣ ነፋሱም ይሰማኛል። "በወሩ መጨረሻ የመሥሪያ ቤታችን መኪና ወደ እናንተ ይመጣል" አለኝ። "የምትልኪልኝ ነገር ካለ ለሾፌሩ ስጪው።"

"የምልክልህ ነገር የለኝም" አልኩት።

"ምንም?"

"ምንም።"

"እሺ" አለ። ከዚያ እሁድ በኋላ አልደወለም። እኔም አልደወልኩም። ማሽኑን ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ጫማዎች ያሉበት መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩት። ያን ቀን ማልቀስ ነበረብኝ፤ አልመጣልኝም። የስድስት ሰው ሶል አጣብቄ ዋልኩ።

እና ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይኸው በራፌ ላይ ቆሟል። ከስቷል። ፀሐይ አቃጥሎታል። ከመጋረጃው ጀርባ የአባባ መዶሻ ቀስ እያለ ይመታል።

"ጫማ ይዘህ ነው?" አልኩት።

"አይ። ልሰናበትሽ ነው። ሌላ ድልድይ አለ፣ ከበፊቱም ይርቃል። ትናንት ፈረምኩ። አራት ዓመት ነው።" ሰዓቱን አየ። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንወጣለን።"

"መልካም መንገድ" አልኩ። ከአፌ የወጣው ይኸው ነው። አራት ዓመት የሚለው ቃል ጆሮዬ ገብቶ እዚያው ቀረ፣ አልወረደም።

ዓይኑ መደርደሪያው ላይ አረፈ። "አልጣልሽውም!"

"ለምን እጥለዋለሁ?"

"አንዴ ላዙረው?"

አወረድኩለት። የደንበኛ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማዞሪያውን ያዘ። ማሽኑ አቧራውን እንደለበሰ ጠረጴዛዬ ላይ መሄድ ጀመረ፤ በሙጫ ቆርቆሮው አለፈ፣ በመቀሱ አለፈ። ሁለታችንም በልባችን ስንቆጥር ነበር መሰለኝ። አሥራ ሁለት። "ቀጭ።" ቆመ።

ኢንጂነሩ ጎንበስ ብሎ ቦይለሩን አየ። "በሩስ?" አለ።

"የምን በር?"

"የቦይለሩ በር። አሥራ ሁለተኛው ላይ ይከፈታል እኮ።" በጥፍሩ ዙሪያውን ዳሰሰ። ቢጫ መስመር አገኘ። አሸተተው። ቀና ብሎ ሲያየኝ ፊቱ ወረቀት መስሏል። "አጣብቀሽዋል?"

"እና ላጣብቀው እንጂ!"

"ሁሉንም?"

"አንተ ሄድክ!" አልኩት። ድምፄ ወጣ፣ ራሴን አስደነገጠኝ። "አንተ ሄድክ፣ እግሩ ወለቀ። ቢያንስ እሱ እንዳይፈርስብኝ ብዬ ነው። ሌላ ምን ነበረኝ?"

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ለመለየት አስቸገረኝ። "አላየሽውም" ይላል፣ "ዓመት ሙሉ፣ ሳታይው፣ እኔ ደግሞ እምቢ አለችኝ ብዬ፣ የሚላክ የለኝም ስትይ..."

"ውስጡ ምን አለ?"

"ልንገርሽ?"

"አይ። አትንገረኝ። ራሴ ነው የማየው።"

የቆዳ ቢላዬን ስንጥቁ ውስጥ ላስገባ ሞከርኩ። አልገባም። ማስቲሽ ቆዳን ይይዛል፣ ጎማን ይይዛል፤ ፕላስቲክን ግን በልቶ ያቀልጠዋል፣ ሁለቱ ጡቦች አንድ ሆነው ቀርተዋል። በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም ማለት አልችልም፤ ያን ቀን ግን ረገምኩት። መዶሻውን አነሳሁ።

"ማስቲሼ፣ ተይው፣ ሁለት ወር የሠራሽው ነው..."

"የማይፈርስ ነገር አይታረምም ያልከው አንተ አይደለህም?"

መታሁት። ጭስ ማውጫው በረረ። ደገምኩት። ጥርሶቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ፣ አንዱ እግር ማስቲሹ ውስጥ ገባ። ሦስተኛው ላይ ቦይለሩ ተሰነጠቀና አራት ላይ የታጠፈ ወረቀትና አንዲት ቀይ ጡብ ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። የወረቀቱ ጥግ ተጣብቆ ስለነበር ስገልጠው ተቀደደ፤ ጽሑፉ ግን ደህና ነው።

"ማስቲሼ፣ በስልክ ብጠይቅሽ ድምፄ ያስገድድሻል። እናቴ እናንተ ዘንድ መምጣቷን ሰምቻለሁ፤ እሷ አንዴ አስጨንቃሻለች፣ እኔ አልደግመውም። እሺ ካልሽ ይህችን ቀይ ጡብ ላኪልኝ፣ መጥቼ እወስድሻለሁ። ካልላክሽ ሁለተኛ አልጠይቅሽም፣ አልቀየምሽምም። እያልኩሽ ያለሁት አግቢኝ ነው፤ ምናልባት ግልጽ ካልሆነ።"

አንዴ አነበብኩት። ሁለቴ አነበብኩት። ምንም የለም። "አግቢኝ" የሚለውን ለብቻው አነበብኩት፣ አሁንም ምንም። ኸረ ምን ሆኛለሁ ብዬ ቀይዋን ጡብ መዳፌ ውስጥ ጨበጥኳት፣ አጥብቄ ጨበጥኳት፣ ያኔ ጥጓ ወጋኝ። አመመኝ። አምላኬ፣ አመመኝ! ከመዳፌ ተነስቶ አንጓዬ ላይ ደረሰ፣ ክንዴን ይዞ ወጣ፣ መሃል ላይ ደረሰ።

"ይኸው" አልኩና ጡቧን ዘረጋሁለት። "ላኪልኝ አይደል ያልከው?"

"ዓመት አለፈው እኮ።"

"ፖስታው ዘግይቶ ነው።"

አልተቀበለኝም። ዓይኑ ሞልቷል። "ፈርሜያለሁ" አለ በሹክሹክታ። "አራት ዓመት። ትናንት። አንድ ቀን ቀድሜ ብመጣ ኖሮ..."

እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። አራት ዓመት የሚለው አሁን ወረደ። ለአባባ ብዬ ዝም ያልኩት፣ በጫማ ቻው ያልኩት፣ "ምንም" ያልኩት፣ ሁሉም ተከታትሎ መጣ። ከዚህ ሁሉ መሃል ግን አፌ የጠየቀው ሌላ ነው።

"እዚያ ጫማ ይቀደዳል?"

"ምን?"

"የምትሄድበት አገር። ጫማ ይቀደዳል ወይ?"

ግራ ገብቶት አየኝ፣ ከዚያ ገባው፤ ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት። "ሁለት መቶ ሠራተኛ አለ" አለ እየተንተባተበ፣ "ሁሉም ድንጋይ ላይ ነው የሚውለው፣ ሁሉም..."

ያን ጊዜ የአባባ መዶሻ መቆሙን አስተዋልኩ። መቼ እንደቆመ እንጃ። ልቤ ተመልሶ ሊቀዘቅዝ ሲል መጋረጃው ተከፈተ። አባባ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቆሟል።

"ጫማ የማይቀደድበት አገር ደግሞ የት አለ?" አለ።

"አባባ፣ ሱቁ፣ አንተ..."

"ባለፎቋ የመጡ ቀን ተኝቼ አልነበረም። ኮቴያቸውን ከአምስተኛ ፎቅ ጀምሬ ስሰማው ነበር። አንቺ ራስሽ እስክትነግሪኝ ጠበቅኩ፤ ይኸው ዓመት አለፈ።" ወለሉ ላይ የተበተነውን ጡብ አየ፣ ኢንጂነሩን አየ። "እኔን ምክንያት እንዳታደርጊኝ ልጄ። እኔ በዚህ መዶሻ የትኛውም ደረጃ ስር መኖር እችላለሁ።"

"ጋሼ፣ እኔ እርስዎን..." ብሎ ኢንጂነሩ ብድግ አለ።

"አንተ ተቀመጥ፣ ተረከዝህ አልቋል፣ እንዲህ ሆነህ መንገድ አትወጣም። አውልቀው።" ወደ እኔ ዞረ፤ መነጽሩን ዓይኑ ላይ መለሰና የቁጣ ድምፅ አወጣ። "ወስፌውንና መዶሻሽን ያዢ። ማስቲሹን ግን እዚሁ ተዪው!"

ኢንጂነሩ አንድ እግሩ ባዶ እንደሆነ መጣና ቀይዋን ጡብ ከመዳፌ ወሰዳት። ከዚያ ጣቴን ያዘ፣ እንደዚያን ጊዜው፣ ጫፉን በጥፍሩ ነካ አደረገ።

"ይሄ ይሰማሻል?"

"እዚያ ገና አልደረሰም" አልኩት፤ እንባዬ አገጬ ላይ ይንጠባጠባል። "ታገሠኝ፣ እየመጣ ነው።"